ድንኳኑ ከፈረሰ በኋላ
(ለሰበካ ጉባኤያት በተዘጋጀ የምክክር መርሐ ግብር ላይ የቀረበ ንግግር)

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

የተከበራችሁ አባቶች ካህናት፣ የሰበካ ጉባኤ አባላት፤

አባቴ ሲያርፍ የስድስት ዓመት ልጅ ነበርሁ። ለቅሶው ሲጀመር ወደ ጎረቤት ወስደው «አባትህ ጠበል ሄዷል» አሉኝ። ሰዎቹ ክፉዎች አልነበሩም፤ ሊያስለቅሱኝ ስላልወደዱ ነው። እኔም በየማታው ከደጅ ተቀምጬ መንገዱን ስጠብቅ ሰነበትሁ። እውነቱን የሰማሁት በአርባው ቀን ከጨዋታ ጓደኛዬ አፍ ነው። ከዚያ ወዲያ እናቴ ጠበል ልትወስደኝ ስትነሣ እሸሽ ነበር፤ ጠበል የሄደ ሰው አይመለስም ብዬ አምኜ ነበርና።

በሥራ ምክንያት በምገባባቸው ቤቶች ዛሬም ይህንኑ እሰማለሁ። «አረብ ሀገር ሄዳለች»፣ «ተኝቷል»፣ «እግዚአብሔር ስለ ወደደው ወሰደው» ይባላል። ትንሽ ልጅ የሰማውን በቁሙ ይወስዳል። አባቱ ተኝቷል የተባለ ልጅ መኝታ ይፈራል። እግዚአብሔር የሚወደውን ይወስዳል የተባለም በእግዚአብሔር መወደድን ይፈራል፤ ይህ ለእኛ ለአገልጋዮች ቀላል ነገር አይደለም።

ስለዚህ «ሞቷል» የሚለውን ቃል አንሽሸው። አይተነፍስም፣ አይርበውም፣ አያመውም፣ ወደ ቤትም አይመለስም ብሎ ማስረዳት ይቻላል። የትንሣኤን ተስፋ የምናስተምረው ከዚህ ቀጥሎ ነው እንጂ በዚህ ፈንታ አይደለም፤ ሞትን ያልሰማ ልጅ ትንሣኤ አይገባውም። ሕፃኑ በማግሥቱ «መቼ ይመጣል?» ብሎ ደግሞ ቢጠይቅ ያንኑ መልስ በትዕግሥት መድገም ነው። አልቅሶ ወዲያው ኳስ ቢጫወትም ረሳ ማለት አይደለም፤ የልጅ ኀዘን እየሄደ የሚመለስ ነው። «ስላስቸገርሁት ነው የሞተው» ብሎ በልቡ የሚይዝም አለና፣ ሳይጠይቅ ጥፋቱ የእርሱ እንዳልሆነ ይነገረው። «ወንድ ልጅ አያለቅስም» የሚለው ደግሞ ከቤተ ክርስቲያን የተማርነው አይደለም፤ ጌታችን ለአልዓዛር አልቅሷል።

በሠልስት ድንኳኑ ይፈርሳል፤ ዕድርተኛውም ዕቃውን ሰብስቦ ይሄዳል። ልጁ የአባቱን መቅረት አጥብቆ የሚያውቀው ግን ያን ጊዜ ነው። የእኛ ጸሎት አይቋረጥም፤ በ7፣ በ12፣ በ30፣ በ40፣ በ80 ቀን፣ በመንፈቅና በሙት ዓመት እናስባለን። ይሁን እንጂ ወደዚያ ቤት ስንሄድ የምናጽናናው አዋቂዎቹን ብቻ ነው። የንስሐ አባት ልጁን በስሙ ጠርቶ ዐሥር ደቂቃ አጠገቡ ቢቀመጥ፣ ስለ አባቱ ቢያጫውተው፣ ጧፍ እንዲያበራ ቢፈቅድለት በጀት አይጠይቅም። (የፕሮጀክት ሠራተኛ እንዲህ ሲል አዘውትራችሁ አትሰሙም።)

ለወራት ምግብና እንቅልፍ የራቀው ወይም ትምህርቱን የተወ ልጅ ካለ፣ ከጸሎቱ ጋር ወደ ጤና ጣቢያ ይወሰድ። «መሞት ይሻለኛል» የሚል ከሆነ ግን በዚያው ቀን ነው፤ ብቻውንም አይተው።

ከእያንዳንዱ ሰበካ የምለምነው አንድ ነገር ነው። በሙታን መዝገባችን ላይ ሟቹ የተዋቸውን ልጆች ስምና ዕድሜ የሚይዝ አንድ ዐምድ ይጨመር፤ በሠላሳው ቀን ማን እንደሚጎበኛቸውም እዚያው ይጻፍ።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።