የህንዱ ካታርና የአያቶቻችን ጎራዴ



በመቱ፥ በጎሬ ወይም በበደሌ፥ በአንድ ሽማግሌ ቤት ግድግዳ ላይ ጎራዴ ተሰቅሎ አይታችሁ ይሆናል። ዛሬ ስለዚሁ ጎራዴ አንድ ነገር ልናሳስባችሁ ወደድን፤ ንግግራችንን ግን ከህንድ አገር እንጀምራለን።

ካታር የሚባለው የህንድ ጩቤ በጡጫ የሚወጋበት የብረት መሣሪያ ነው። እጀታው ሁለት ዘንጎች ጎን ለጎን ቆመው በመካከላቸው አግዳሚ ብረት የተያያዘበት ነው። ተዋጊው አግዳሚውን ሲጨብጥ ዘንጎቹ ክንዱን በግራና በቀኝ ያቅፋሉ፤ ስለቱም ከጡጫው ፊት ቀጥ ብሎ ይወጣል። ስለዚህ የክንዱ ኃይል ሁሉ በጫፉ ላይ ይውላል። ጫፉም ብዙ ጊዜ ወፍራም ሆኖ የሚሠራው ጥሩር እንዲበሳ ነው።

በደቡብ ህንድ የታንጆር ነገሥታት ግምጃ ቤት እንዲህ ባለ መሣሪያ የተሞላ ነበር። በ1855 (በአውሮፓ አቆጣጠር) የመጨረሻው ራጃ ወንድ ልጅ ሳይተካ ቢሞት፥ እንግሊዞች ግዛቱን ወሰዱ። ከመሣሪያውም ጥቂቱ ለሙዚየም ሲተርፍ፥ የቀረው ተሰባብሮ በአሮጌ ብረት ዋጋ ተሸጠ። ዛሬ በኒውዮርክ ሜትሮፖሊታን ሙዚየም የታንጆር ካታሮችን የሚያይ ሰው፥ የጠፋውን በተረፈው ይገምታል።

ከነዚያ ካታሮች የብዙዎቹ ስለት የአውሮፓ ነው። የህንድ ባለሙያ ከባሕር ማዶ የመጣውን የሰይፍ ስለት ቆርጦ በራሱ አገር እጀታ ላይ ገጠመው፤ ይህን በማድረጉም መሣሪያውን ህንዳዊ አይደለም የሚል የለም። የእኛም ጎራዴ እንዲሁ ነው። ብዙው ስለት ከጀርመን አገር፥ ከዞሊንገን ከተማ የመጣ ሲሆን፥ የቀንድ እጀታውና የቆዳ አፎቱ ግን የአገራችን ባለሙያ ሥራ ነው። እንግዲህ በስለቱ ላይ የውጭ አገር ምልክት አይታችሁ አትናቁት።

ኢሉባቦር ታሪክ ያለፈበት አገር ነው። በ1890 ዓ. ም. የራስ ተሰማ ናደው ጦር ከዚህ ተነሥቶ እስከ ነጭ ዓባይ ዘመተ። በ1928 ዓ. ም. አዲስ አበባ በጠላት እጅ ስትወድቅ፥ የመንግሥቱ እንደራሴዎች መቀመጫቸውን ጎሬ አደረጉ። በግድግዳው ላይ ያለው ጎራዴ በማን ወገብ ላይ ነበር? ይህን የሚያውቀው ሽማግሌው ብቻ ነው። እርሱ ካለፈ በኋላ ጎራዴው ወይ ቀጥቃጭ ማጭድ ያደርገዋል፥ ወይ መንገደኛ ነጋዴ በጥቂት ገንዘብ ይወስደዋል።

ስለዚህ እናንተ ብዕር የያዛችሁ የመንግሥት ሠራተኞች፥ በዕረፍት ቀናችሁ ወደ ሽማግሌው ጎራ በሉ። የባለቤቱን ስም፥ የዘመተበትን ስፍራና ዘመን ጠይቃችሁ በአንድ ወረቀት ጻፉ፤ ግልባጩንም ለባለቤቱ ስጡት። ታሪኩ ያልተጻፈ ጎራዴ ነገ የሚመዘነው በኪሎ ነው።