ድመቷ ነግራችኋለች

ክረምት በገባ ቁጥር አይጥ ዝናቡንና ብርዱን ሸሽታ ወደ ቤት ትገባለች፤ አይጧን ተከትሎ ከጎረቤት ድመት ለምኖ የሚያስገባው ሰው ይበዛል፤ ከዚያ በኋላ የፕሮግራማችን ስልክ ዕረፍት የለውም። ስሞታው አንድ ዓይነት ነው፦ «እየዳበስኳት፣ ደስ ብሏት ተኝታ ሳለ፣ ድንገት ነከሰችኝ።» ደዋዩ በዚህ አይበቃውም፤ «ድመት እንደሆነች ከሃዲ ናት» ብሎ ፍርዱን ይጨምርበታል። ይህችን «ድንገት» የምትባል ቃል እንመርምራት። ጤነኛ ድመት ድንገት አትነክስም። ከመንከሷ በፊት ተናግራለች፤ እኛ ግን ጠባይዋን በውሻ ቋንቋ እየተረጎምን አልሰማናትም።

ጭራዋን እንመልከት። ውሻ ጭራውን ሲቆላ እያየ ያደገ ሰው፣ ድመትም ጭራዋን ስታወዛውዝ ደስ አላት ይላል። ግን ጭራዋን ወዲያና ወዲህ የምታወናጭፍ ድመት ወይ ተበሳጭታለች ወይ ለአደን ተነቃቅታለች። ቻርለስ ዳርዊን እ.ኤ.አ. በ1872 የሰውና የእንስሳት ስሜት እንዴት እንደሚገለጥ ለማሳየት ባሳተመው መጽሐፍ ሁለቱን እንስሳት ጎን ለጎን አስቀምጧቸዋል። ለጠብ የሚሄድ ውሻ ሰውነቱን ገትሮ ጭራውን ያቆማል፤ ሲወዳጅ ደግሞ ዝቅ ብሎ ጭራውን ይቆላል። ለጠብ የተዘጋጀች ድመት ግን መሬት ላይ ተለጥፋ ጭራዋን ታወናጭፋለች፤ ስትወዳጅ ቀጥ ብላ ቆማ፣ ጭራዋን እንደ ዘንግ ሰቅላ እግር ላይ ትታከካለች። የአንዱ ሰላምታ የሌላው ቁጣ ነው ማለት ይቻላል። አሁን ወደ ተነከሰው ደዋያችን እንመለስ። እጁ ጀርባዋ ላይ ነው። መጀመሪያ የጭራዋ ጫፍ ብቻ ወለሉን መታ ያደርጋል። ቀጥሎ የጀርባዋ ቆዳ ዝንብ እንዳረፈበት ሁሉ ይርገበገባል። ጆሮዎቿ ወደ ጎን ይዞራሉ፣ ከዚያም ወደ ኋላ ይለጠፋሉ። በመጨረሻ አንገቷን አዙራ እጁን ታያለች። ይህ ሁሉ ሲሆን ደዋያችን ቴሌቪዥን እያየ ነበር እንበል፤ ለእሱ ንክሻው ድንገት ነው።

«ግን እኮ ርርር እያለች ነበር» የሚል መልስ ይመጣል። ከጉሮሮዋ የሚወጣው ይህ ድምፅ ትንሽ ሊያቆየኝ ነው፣ ታገሱኝ፤ ከድመት ነገር ሁሉ እጅግ የሚደንቀኝ እሱ ነው። ድመት ስትረካ ርርር ትላለች፤ ስትወልድም፣ ስትቆስልም፣ አንዳንዴም ስትሞት ርርር ትላለች። እንግሊዝ አገር በሰሴክስ ዩኒቨርሲቲ የሚሠሩ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2009 ባወጡት ጥናት፣ ድመቶች ምግብ ሲፈልጉ የሚያሰሙትን ርርርታ እንዲሁ ተኝተው ከሚያሰሙት ጋር አነጻጽረውታል። በምግብ ጊዜው ድምፅ ውስጥ አንዲት ቀጭን ለቅሶ ተሸሽጋ ተገኘች። ድመት አሳድገው የማያውቁ ሰዎች እንኳ ሲሰሙት ይህኛው ይበልጥ አጣዳፊ እንደሆነ ለይተዋል። እንግዲህ ድምፁን ብቻ ይዞ «ደስ ብሏታል» ማለት አይቻልም። የዐይኗ ብሌን መስፋትም እንዲሁ ነው፤ ክፍሉ ሲጨልም ይሰፋል፣ ስትፈራ ይሰፋል፣ ስትጫወትም ይሰፋል። ሆዷን ገልጣ መንጋለሏ ደግሞ «አምኜሃለሁ» ሊሆን ይችላል፤ «ሆዴን እከክልኝ» ማለት ግን አብዛኛውን ጊዜ አይደለም። ስትጣላም በጀርባዋ ተኝታ ነው አራቱንም እግሮቿን የምታሰናዳው። ልጆቻችሁ እጃቸውን እዚያ ሆድ ላይ እንዳያደርጉ ንገሯቸው። አንዱ ምልክት ብቻውን ምንም አይነግራችሁም። ጭራ፣ ጆሮ፣ ዐይን፣ አቋም፣ ያለችበትም ሁኔታ አንድ ላይ ይነበባሉ።

ጠንከር ያለ ተቃውሞ የሚያነሱ አድማጮችም አሉ፦ «የእንስሳን ሆድ ማን ያውቃል? የራሳችሁን ስሜት እየጫናችሁባት ነው።» ተገቢ ጥርጣሬ ነው። መልሱ የሚገኘው ከምልክቱ በኋላ የምታደርገውን በማየት ነው። እ.ኤ.አ. በ2020 በወጣ ሌላ ጥናት አንድ የማታውቀው ሰው ዐይኑን ቀስ አድርጎ እየከደነና እየገለጠ ሲያያት፣ ድመቷ በዚያው መንገድ የመመለስና ወደ ተዘረጋው እጅ የመቅረብ ዕድሏ ዝም ብሎ ካያት ጊዜ ይልቅ ከፍ ብሎ ታይቷል። በካናዳ የሞንትሪያል ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሐኪሞች ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2019 የድመትን ሕመም ከፊቷ የሚለኩበት ዘዴ አውጥተዋል፦ የጆሮዋን አቀማመጥ፣ የዐይኗን መጥበብ፣ የአፏን ዙሪያ መወጠር፣ የጺሟን አቅጣጫና የጭንቅላቷን ማቀርቀር ያያሉ። የሕመም ማስታገሻ ሲሰጣት ነጥቧ ይወርዳል። ግምት ብቻ ቢሆን ኖሮ መድኃኒቱን ተከትሎ ባልወረደ ነበር።

«ድመት መንኩሳ ዓመሏን አትረሳ» እያላችሁ የምትከራከሩም አላችሁ። ተረቱ እውነት አለው። ቅድመ አያቷ የአፍሪካ የዱር ድመት ብቻዋን የምታድን እንስሳ ናት። እንደ ተኩላ በመንጋ የኖረ ዘር ስላልሆነች ስሜቷን በጉልህ አታሳይም፤ ሲያማትም ትሸሸጋለች። ይህ ግን ከሃዲ አያሰኛትም። ድምፅዋ ዝቅ ያለ ተናጋሪ ናት፤ ጠጋ ብሎ መስማት የእኛ ፋንታ ነው።

አንድ ነገር ግን ከዚህ ሁሉ ውጭ ነው፤ «ጤነኛ ድመት» ያልኩት ያለ ምክንያት አይደለም። ጠባይዋ በጥቂት ቀን ውስጥ የተለወጠ፣ ማንም ሳይነካት ያገኘችውን የምትነክስ ድመት በእብድ ውሻ በሽታ ተይዛ ሊሆን ይችላል። ስሙ የውሻ ይሁን እንጂ በሽታው ድመትንም ይይዛል፣ ከድመትም ወደ ሰው ይተላለፋል። የነከሰቻችሁ ድመት የምታውቋትም ብትሆን ቁስሉን ወዲያውኑ በሚፈስ ውሃና በሳሙና ለ15 ደቂቃ እጠቡት፤ በዚያው ቀንም ጤና ጣቢያ ሂዱ። ምልክቱ ሰው ላይ አንዴ ከታየ በኋላ የሚያድን መድኃኒት የለም፤ ክትባቱ የሚጠቅመው ከዚያ በፊት ነው።