ደም የታየበት ዕንቁላልና የባለሙያው ፍርድ



በጓሮዋ ጥቂት ዶሮዎች የምታረባ የቤት እመቤት ዕንቁላል ሰብራ በአስኳሉ ላይ የደም ነጠብጣብ ስታይ ዕንቁላሉን ትደፋዋለች። ነገሩ ሲደጋገምባትም ዶሮይቱን በበሽተኝነት ጠርጥራ ትሸጣታለች። የዕንቁላል ገንዘብ የጨውና የሳሙና፣ የልጆችም የደብተር መግዣ በሆነበት ቤት ይህ ቀላል ጉዳት አይደለም። ስለዚህ በዕንቁላል ውስጥ ከሚታዩት ነገሮች የትኛው ጉዳት የሌለው፣ የትኛው የአያያዝ ጉድለት ምልክት፣ የትኛውስ በእርግጥ የሚያሰጋ እንደ ሆነ ለይቶ ማስረዳት የባለሙያው ድርሻ ነው።

አስኳል የሚያድገው የደም ሥሮች በበዙበት ስስ ከረጢት ውስጥ ነው። በደረሰ ጊዜ ከረጢቱ የደም ሥር እምብዛም በሌለበት መስመር ላይ ተሰንጥቆ አስኳሉን ይለቃል። በዚህ ጊዜ አንዲት ቀጭን የደም ሥር ከተበጠሰች ጠብታዋ ከአስኳሉ ጋር ትወርዳለች። ከዚያ በኋላ ነጩ በ3 ሰዓት ያህል፣ ቅርፊቱም በ20 ሰዓት ያህል ስለሚለብሰው ደሙ በውስጥ ተዘግቶ ይቀራል። እንግዲህ ነጠብጣቡ ብዙ ሰው እንደሚያምነው የጫጩት መጀመሪያ አይደለም፤ አውራ ዶሮ በሌለበት ቤትም ይታያል። ቡናማው ሥጋ መሰል ቁራጭም ከዕንቁላል ማስተላለፊያው ቱቦ የተላጠ ወይም የቆየ ደም ነው። ሁለቱንም በቢላዋ ጫፍ አንሥቶ ዕንቁላሉን አብስሎ መመገብ ይቻላል። በትልልቅ እርባታዎች እንዲህ ያለው ዕንቁላል በብርሃን ተመርምሮ ስለሚለይ ገዢው እምብዛም አያየውም፤ የጓሮው ግን ሳይመረመር ወጥ ቤት ይገባል።

ነጠብጣቡ በብዙ ዕንቁላሎች ላይ ሲደጋገም ግን መኖውን መመርመር ያስፈልጋል። የቪታሚን ኤ እና የቪታሚን ኬ እጥረት ነገሩን ያባብሰዋል፤ የዘር ጠባይና ድንጋጤም ድርሻ አላቸው። በበጋ አረንጓዴ ነገር ሲጠፋ የጎመን ቅጠል ወይም አልፋልፋ መጨመር ይጠቅማል። የጥጥ ፍሬ ፋጉሎ በብዛት የበላች ዶሮ የጣለችው ዕንቁላል ደግሞ ሲቀመጥ አስኳሉ ወይራማ፣ ነጩም ሮዝማ ሊሆን ይችላል። ይህ የመኖ እንጂ የበሽታ ምልክት ስላልሆነ ዶሮይቱን ሳይሆን ፋጉሎውን መቀነስ ይገባል።

የሚጣለው ዕንቁላል ሌላ ነው። ነጩ አረንጓዴ ቀለም የያዘ ወይም መጥፎ ሽታ ያለው እንደ ሆነ ባክቴሪያ ገብቶበታል። የቆሸሸ ዕንቁላል በቀዝቃዛ ውሃ ሲታጠብ በቅርፊቱ ቀዳዳዎች በኩል ተሕዋስያን ወደ ውስጥ ይሳባሉ። እንደ ሸረሪት ድር የተዘረጉ የደም ሥሮች የሚታዩበት ዕንቁላልም በሙቀት መፈልፈል የጀመረ ነው። የጎጆውን ጉዝጓዝ በየጊዜው መለወጥና ዕንቁላሉን በየቀኑ ሰብስቦ በቀዝቃዛና በደረቅ ስፍራ ማስቀመጥ ሁለቱንም ይከላከላል።

ከሁሉ ይልቅ መታወቅ ያለበት፣ ሳልሞኔላ የተባለው ባክቴሪያ ቀለምም ሽታም ሳያሳይ በጠራ ዕንቁላል ውስጥ ሊገኝ መቻሉ ነው። በዐይን የሚታየው ደም ቤተሰቡን ሲያስደነግጥ፣ በዐይን የማይታየው ተሕዋሲ በጥሬው ወይም በግማሽ ብስል ከሚጠጣው ዕንቁላል ጋር ይገባል። ስለዚህ ባለሙያው ለቤት እመቤቲቱ የሚሰጣት ምክር አጭር ነው፤ ስለ ደሙ ዶሮይቱን አትሽጪ፣ ዕንቁላሉን ግን ነጩም አስኳሉም እስኪጠነክር አብስዪ።