ፈረሱ እምቢ ሲል

ጥር 23 ቀን እንጅባራ ላይ የአገው ፈረሰኞች በዓል ሲከበር ዓይናችን የሚያርፈው ሽምጥ ግልቢያው ላይ ነው። እኔን የሚያሳስበኝ ግን ከዚያ በፊት ያለው ነው፤ ፈረሱ በረጅም ገመድ ተይዞ፣ በክብ እየዞረ የሚገራበት ጊዜ።

ፈረስ እዚያ ላይ ያምፃል። ድንገት ይቆማል፣ ዞሮ ይጋፈጣል፣ ይራገጣል። ብዙ ሰው ያኔ አለንጋ ያነሳል። እባካችሁ፣ መጀመሪያ የቆማችሁበትን ቦታ እዩ። ገሪው ከፈረሱ ትከሻ ወደ ፊት ካለፈ መንገድ ዘጋበት ማለት ነው፤ እንስሳው ቁም የተባለ መስሎት ይቆማል። ወደ ዳሌው በኩል አንድ እርምጃ መለስ ሲሉለት ብዙ ጊዜ በራሱ ይሄዳል። እምቢታው ከቀጠለ ጀርባውን በመዳፋችሁ ዳብሱት፣ ሰኮናውን አንስታችሁ እዩ። ኮርቻ የላጠው ቁስል ወይም የተሰነቀረ ጠጠር ይኖር ይሆናል። የታመመ ፈረስ መምታት ግፍ ነው። ሲታዘዝላችሁ ደግሞ ገመዱን ወዲያው ላላ አድርጉለት፤ ሽልማቱ ያ ነው።

ገመዱን በምንም ምክንያት እጃችሁ ላይ አትጠምጥሙ። ፈረስ ሲበረግግ ገመዱ ጣት ይቆርጣል። አጣጥፋችሁ በመዳፍ ያዙት።