በመኖሪያ ቤት ጋራዥ የሚተከል የመኪና ማንሻ፦ አመራረጡና አተካከሉ

(ለማኅበሩ አባላት ስብሰባ የቀረበ ንግግር)



ለዚህ ንግግር የተመረጠው ርእስ ከግድብና ከድልድይ ሥራ ጋር ሲነጻጸር አነስተኛ መስሎ ሊታይ ይችላል። ነገር ግን በአንድ ጠባብ ጋራዥ ውስጥ ሁለት ቶን የሚመዝን ተሽከርካሪ ከሰው ራስ በላይ ከፍ ብሎ ሲውል፣ ከሥሩ የሚቆመው ሰው ሕይወቱን የሚያሳርፈው በአንድ የምሕንድስና ሥራ ላይ ነው። ድልድይ ዲዛይን የሚያደርግ፣ የሚሠራና የሚቆጣጠር ባለሙያ አለው። በመኖሪያ ቤት የሚተከል የመኪና ማንሻ ግን ብዙውን ጊዜ ያለው ሻጭና ገዢ ብቻ ነው። በመካከላቸው የጎደለው ባለሙያ ሲጠየቅ ምን ብሎ መመለስ እንደሚገባው ማሳየት የዚህ ንግግር ዓላማ ነው።

1. ከክሪክ እስከ ማንሻ

በአዲስ አበባ ግቢዎች ውስጥ መኪናውን ራሱ የሚያበጅ ሰው፣ ወይም በግቢው አነስተኛ ጥገና የሚያካሂድ መካኒክ፣ በአብዛኛው የሚገለገለው በክሪክ ነው። ክሪኩ መኪናውን ካነሣ በኋላ ድንጋይ፣ ብሎኬት ወይም የእንጨት ጉማጅ ከሥሩ ይደገፋል። ብሎኬት ውስጡ ባዶ በመሆኑ በአንድ ነጥብ ላይ የሚያርፍ ክብደት ሲበዛበት አስቀድሞ ምልክት ሳይሰጥ በድንገት ይፈረካከሳል። የሃይድሮሊክ ክሪክም ዘይት የሚይዘው ጎማ ሲያረጅ ቀስ በቀስ ይወርዳል። ክሪክ ያነሣል እንጂ አይሸከምም የሚለው የሙያው ደንብ የመጣው ከዚህ ነው።

የመመርመሪያ ጉድጓድም የራሱ አደጋ አለው። የቤንዚን ትነት ከአየር የሚከብድ ስለ ሆነ ወደ ጉድጓዱ ወርዶ ይከማቻል። ከዚያ በኋላ ከመብራት ወይም ከመሣሪያ የምትወጣ አንዲት ብልጭታ እሳት ልታስነሣ ትችላለች። በክረምት ውኃ ይገባበታል፤ በጨለማም ሰው ይወድቅበታል።

በሃይድሮሊክ ኃይል የሚሠራው የመኪና ማንሻ በአሜሪካ፣ በቴኔሲ ግዛት፣ በሜምፊስ ከተማ በፒተር ሉናቲ አማካይነት የተፈለሰፈው እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ አጋማሽ ነው። የአገሩ አምራቾች እ.ኤ.አ. በ1945 አውቶሞቲቭ ሊፍት ኢንስቲትዩት የተባለውን ማኅበር መሠረቱ። የመጀመሪያው የደኅንነት ደረጃም እ.ኤ.አ. በ1947 ወጣ። በአውሮፓ ደግሞ ኢ.ኤን. 1493 የተባለው ደረጃ ይሠራበታል። ማንሻው መጀመሪያ የታሰበው ለሕዝብ ጋራዦች ሲሆን፣ ወደ መኖሪያ ቤት የገባው ኋላ ነው። አሁን የሚነሣው ችግር የሚመነጨውም ከዚህ ነው፤ መሣሪያው ከሕዝብ ጋራዥ ወደ ቤት ሲዛወር የሕዝቡ ጋራዥ ወለልና ጣራ አብረውት አልመጡም።

2. የማንሻው ዓይነቶችና የጣራው ከፍታ

አንድ ገዢ ብዙውን ጊዜ አስቀድሞ የሚጠይቀው «ስንት ቶን ያነሣል?» ብሎ ነው። ጥያቄው ተገቢ ቢሆንም የመጀመሪያው ጥያቄ ሊሆን አይገባውም። ለቤት አገልግሎት የሚሸጡት ማንሻዎች አብዛኞቹ ከ3 እስከ 4.5 ቶን የማንሣት ችሎታ ስላላቸው አንድን የቤት አውቶሞቢል ለማንሣት አያንሱም። ምርጫውን የሚወስኑት የጣራው ከፍታና የወለሉ ጥንካሬ ናቸው።

ሀ/ ባለሁለት ዓምድ ማንሻ፦ አራት ክንዶች ከሁለት ዓምዶች ወጥተው መኪናውን ከሻንሲው ወይም ከወለሉ ጠርዝ ይይዛሉ። አራቱም ጎማዎች ነጻ ስለሚሆኑ ለጥገና እጅግ የተመቸ ነው። ነገር ግን ክብደቱን በሙሉ በሁለት ነጥቦች ላይ ያሳርፋል፤ መቆሙም በመልሕቅ ብሎኖች ላይ የተመሠረተ ነው። ዓምዶቹ ከላይ በተሻጋሪ ብረት የተያያዙት ዓይነት 3.6 ሜትር ገደማ ከፍታ ይሻል።

ለ/ ባለአራት ዓምድ ማንሻ፦ መኪናው በጎማው ቆሞ በሁለት መተላለፊያዎች ላይ ይነሣል። ክብደቱ በአራት ነጥቦች ስለሚከፋፈልና ሚዛኑም የጸና ስለ ሆነ ወለሉን ብዙ አያስጨንቅም። አንዱን መኪና ከሌላው በላይ ለማቆም ለሚፈልግ ሰው የተሻለው ይህ ነው። ጎማ ለመፍታት ግን ተጨማሪ ክሪክ ያስፈልገዋል፤ ቦታም ይይዛል።

ሐ/ የመቀስ ቅርጽ ያለው ማንሻ፦ መኪናውን አንድ ሜትር ገደማ ከፍ ያደርጋል። ለጎማ፣ ለፍሬንና ለአካል ሥራ ይበቃል። ጣራው ዝቅ ባለበት ቤት የሚስማማው ብዙውን ጊዜ እርሱ ነው።

የከፍታው ስሌት ቀላል ቢሆንም የሚዘነጋ ነው። ወለሉና ኮርኒሱ በ3 ሜትር በሚራራቁበት ጋራዥ፣ 1.45 ሜትር ቁመት ያለው ቶዮታ ኮሮላ ለጥንቃቄ 10 ሴንቲ ሜትር ተትቶለት ሊነሣ የሚችለው 1.45 ሜትር ብቻ ነው። 1.95 ሜትር ቁመት ያለው ላንድ ክሩዘር ደግሞ ከ95 ሴንቲ ሜትር አያልፍም። አንድ ሰው ቀጥ ብሎ ከሥሩ እንዲሠራ 1.8 ሜትር ቢያስፈልግ፣ ጣራው ለመጀመሪያው 3.35፣ ለሁለተኛው 3.85 ሜትር መሆን አለበት። ከፍታ ለማግኘት ሲባል ኮርኒሱን ማንሣት ይቻላል። የጣራውን ማሠሪያ አግዳሚ እንጨት መቁረጥ ግን ግድግዳውን ወደ ውጭ ስለሚገፋው ፈጽሞ መፈቀድ የለበትም።

3. ወለሉና መሠረቱ

የሥራው ዋና ነገር እዚህ ላይ ነው። መኪናውን በእውነት የሚሸከመው ማንሻው ሳይሆን ወለሉ ነው፤ ማንሻው ክብደቱን ወደ ወለሉ የሚያስተላልፍ መሣሪያ ብቻ ነው።

የባለሁለት ዓምድ ማንሻን ጠባይ በአጭር ስሌት መረዳት ይቻላል። 2 ቶን የሚመዝን መኪና በሁለቱ ዓምዶች እኩል ቢከፋፈል ለእያንዳንዱ 1 ቶን ይደርሰዋል። ይህ ክብደት ከዓምዱ መሠረት ሰሌዳ የውስጥ ጠርዝ 60 ሴንቲ ሜትር ወደ መካከል ርቆ ያርፋል እንበል። ከኋላ ያሉት ብሎኖችም ከዚያው ጠርዝ 40 ሴንቲ ሜትር ይራቁ። የዓምዱ የራሱ ክብደትና የላይኛው ማገናኛ እርዳታ ሳይታሰብ፣ 1 ቶን በ60 ተባዝቶ ለ40 ሲካፈል የኋላዎቹ ብሎኖች ወደ ላይ የሚሳቡበት ኃይል 1.5 ቶን ይሆናል። ስለዚህ ወለሉ የሚጠየቀው ጭነትን ወደ ታች መሸከም ብቻ ሳይሆን፣ ብሎኖቹ ተነቅለው እንዳይወጡ አጥብቆ መያዝም ነው።

ብዙ አምራቾች ለዚህ ዓይነት ማንሻ በትንሹ 108 ሚሊ ሜትር ውፍረትና በአንድ ካሬ ኢንች 3,000 ፓውንድ የመሸከም ኃይል ያለው፣ 28 ቀን የቆየ አርማታ ይጠይቃሉ። ይህ ኃይል በኢትዮጵያ የሕንፃ ሥራ ሲ-25 ተብሎ ከሚታወቀው የአርማታ ደረጃ ጋር ይቀራረባል። ነገር ግን የመኖሪያ ቤት ወለል ሲሠራ የታሰበው ለሰው እግርና ለቆመ መኪና ነው። በድንጋይ ንጣፍ ላይ ስስ አርማታ ይፈስሳል፤ በላዩ ሊሾ ይለሰናል። ከላይ ሲታይ ሁሉም አንድ ወጥ ይመስላል። ሊሾው 4 ሴንቲ ሜትር፣ አርማታው 7 ሴንቲ ሜትር ቢሆን፣ ሜትሩ 11 ሴንቲ ሜትር ያነብባል፤ ብሎኑን በእውነት የሚይዘው ግን 7 ሴንቲ ሜትሩ ብቻ ነው። ስለዚህ ማንሻው ከመገዛቱ በፊት ወለሉ ዓምዶቹ በሚቆሙበት ቦታ ተሰርስሮ፣ ውፍረቱና የየንብርብሩ ዓይነት በዓይን መታየት አለበት።

ከአርማታው በታች ያለው አፈርም መመርመር ይገባዋል። በአዲስ አበባ አንዳንድ ሠፈሮች፣ በተለይም በቦሌ በኩል፣ የሚገኘው ጥቁር አፈር በክረምት ውኃ ጠጥቶ ያብጣል፤ በበጋ ይሰነጠቃል። በእንዲህ ያለ አፈር ላይ ያረፈ ስስ ወለል ከዓመት ወደ ዓመት ይንቀሳቀሳል። አንዱ ዓምድ ከሌላው በጥቂት ሚሊ ሜትር ቢዘቅዝቅ እንኳ ከላይ ያለው መኪና ያዘነብላል። መፍትሔው ወለሉን በዓምዶቹ ሥር ቆርጦ ማንሣት፣ ጥቁሩን አፈር ማውጣት፣ ገረጋንቲ በየንብርብሩ እየጠቀጠቁ መሙላት፣ ከዚያም ሁለቱን ዓምዶች የሚያያይዝ፣ በላይም በታችም ፌሮ ያለበት አንድ ወጥ የአርማታ መሠረት ማፍሰስ ነው። መጠኑን ለየቦታው መሐንዲሱ ያሰላዋል። አዲሱ አርማታ 28 ቀን ሳይሞላው ብሎን እንዳይገባበት የባለቤቱን ጥድፊያ መቋቋም ያስፈልጋል።

የመሬት መንቀጥቀጥም አይዘነጋም። በ2017 ዓ.ም. በአዋሽ ፈንታሌ አካባቢ ተደጋግሞ የደረሰው መንቀጥቀጥ አዲስ አበባ ድረስ ተሰምቷል። በክንድ ላይ ተነሥቶ የሚያድር መኪና ለእንዲህ ያለው ንዝረት የተጋለጠ ስለ ሆነ፣ ሥራ ሲያበቃ መኪናውን ወደ መሬት ማውረድ መልካም ልማድ ነው።

4. የኤሌክትሪክ ኃይል

ለቤት የሚሸጡት ማንሻዎች ብዙዎቹ 2.2 ኪሎ ዋት ገደማ ጉልበት ያለው ሞተር አላቸው። በ220 ቮልት፣ በአንድ ፌዝ ሲሠራ ወደ 16 አምፔር ይስባል፤ ሲነሣ ግን ለጥቂት ጊዜ የዚህን ብዙ እጥፍ ይጠይቃል። ስለዚህ ከቆጣሪው የራሱ መስመር፣ የራሱ ብሬከርና የተረጋገጠ የምድር ሽቦ ያስፈልገዋል። ከምጣድ ጋር በአንድ መስመር መቀጠል የለበትም።

ከአሜሪካ የሚመጣ ማንሻ ሌላ ጣጣ አለው። የዚያ አገር ኃይል 60 ኸርዝ፣ የኢትዮጵያው 50 ኸርዝ ነው። ለ60 ኸርዝ ብቻ የተሠራ ሞተር በ50 ኸርዝ ሲሠራ ፍጥነቱ በአንድ ስድስተኛ ይቀንሳል፤ ቮልቴጁ እንዳለ ሆኖ ፍሪኩዌንሲው ሲወርድም የሞተሩ ብረት ከሚገባው በላይ መግነጢስ ይሸከማል፤ ሞተሩም ይግላል። በሞተሩ ላይ የተለጠፈውን ጽሑፍ ከመግዛት በፊት ማንበብ ኋላ ሞተር ከመለወጥ ያድናል።

መብራት ሲቋረጥ የሚሆነውም አስቀድሞ መታሰብ አለበት። መኪናው በሜካኒካል ማቆሚያው ላይ ካረፈ፣ ማቆሚያውን ለማላቀቅ በመጀመሪያ ጥቂት ከፍ መደረግ አለበት፤ ይህም ኃይል ይፈልጋል። ስለዚህ የእጅ ፓምፕ ሊገጠምለት የሚችለውን ዓይነት መምረጥ ይበጃል። መብራት ይጠፋል በሚል ፍርሃት ማቆሚያውን ሳያስይዙ በዘይቱ ግፊት ብቻ መኪናውን አንጠልጥሎ ከሥሩ መግባት ግን ከሁሉ የከፋ ስሕተት ነው።

5. አተካከሉና አጠቃቀሙ

ተከላው የሚጀምረው ከበሩ መካከል ወደ ውስጥ ቀጥ ያለ መስመር በመሳብ ነው። ዓምዶቹ ከዚህ መስመር እኩል ይርቃሉ። ቀዳዳው ለወለሉ ቀጥ ብሎ ይሰረሰራል፤ የአርማታው ብናኝ በአየር ተነፍቶ ይጸዳል። ብናኝ በቀዳዳው ውስጥ ከቀረ ብሎኑ የያዘ እየመሰለ ይንሸራተታል። የዓምዱ ቀጥታ በቱንቢና በውኃ ልክ ይመረመራል፤ ሰሌዳው በስስ የብረት ቁራጭ ይስተካከላል። ዳዶው የሚጠብቀው በግምት ሳይሆን አምራቹ በወሰነው ልክ በቶርክ መፍቻ ነው። ሲጠብቅ እየዞረ ወይም እየወጣ የሚሄድ ብሎን አርማታው እንዳልያዘው ይመሰክራል፤ ያን ጊዜ ሥራው መቆም አለበት። ብሎኖቹ ከጥቂት ጊዜ አገልግሎት በኋላ እንደገና ይፈተሻሉ፤ ማንሻው በሙሉ ደግሞ በየዓመቱ ይመረመራል።

መኪናው ሲነሣ ክንዶቹ የሚያርፉት የመኪናው አምራች ባመለከታቸው ነጥቦች ላይ ነው። ጎማዎቹ ከመሬት 10 ሴንቲ ሜትር ያህል ሲለቁ ማንሻው ይቆማል፤ መኪናው በእጅ ተገፍቶ ካልተናጋ ብቻ ይቀጥላል። ሞተር ወይም ካምቢዮ የሚወርድ ከሆነ የክብደቱ ማእከል ስለሚዛወር አስቀድሞ ሌላ ድጋፍ ያሻል።

በ2016 ዓ.ም. መንግሥት በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከወሰነ ወዲህ በየግቢው የኤሌክትሪክ መኪና እየበዛ ነው። ባትሪው በወለሉ ሥር ተዘርግቶ ስለሚገኝ የመኪናው ክብደት ከተመሳሳይ የቤንዚን መኪና ይበልጣል፤ የማንሻው ክንድ ወይም መድረክ የባትሪውን ሣጥን ከነካም ጉዳቱ ከባድ ይሆናል። ክንዶቹ አጭርና ረጅም ሊሆኑ የሚችሉ፣ መያዣቸውም ወደ መኪናው ጠርዝ የሚደርስ ማንሻ መምረጥ ለዚህ ይረዳል።

6. ማጠቃለያ

እንግዲህ ቅደም ተከተሉ ግልጽ ነው። በመጀመሪያ አፈሩና ወለሉ፣ ቀጥሎ ጣራው፣ ከዚያ የኤሌክትሪኩ መስመር ይመረመራል፤ የማንሻው ዓይነት የሚመረጠው እነዚህ ከታወቁ በኋላ ነው። ዋጋው በመጨረሻ ይመጣል። ብዙ ገዢዎች ግን ይህን መንገድ ገልብጠው ይሄዱበታል፤ ማንሻው ተገዝቶ ግቢ ከገባ በኋላ መሐንዲስ ይጠራል፤ የሚጠራውም እንዲመረምር ሳይሆን እንዲያጸድቅ ነው።

በእንዲህ ያለ ጊዜ ጎረቤትን ወይም ዘመድን ማስቀየም ቀላል አይደለም። ሆኖም ወለሉ ካልበቃ፣ አይበቃም ብሎ በጽሑፍ መስጠት የሙያው ግዴታ ነው። ከዚያም ጋር የሚቻለውን ማሳየት ይገባል፤ መሠረቱን እንደገና ማፍሰስ፣ ባለአራት ዓምዱን ወይም የመቀሱን ዓይነት መምረጥ፣ ይህም ካልሆነ በጠንካራ ወለል ላይ የቆሙ አራት የብረት መደገፊያዎች መግዛት። ከብሎኬት ወደ ብረት መደገፊያ መሸጋገር ብቻውን የሰው ሕይወት ሊያተርፍ ይችላል፤ ለዚህም የሚበቃው የአንድ ማንሻ ዋጋ ጥቂት ክፍል ነው።