የደጃፋችሁን ካሜራ ሌላ ማን ያየዋል?
በሬሖቮት ክርያት ሞሼ ያላችሁ አድማጮቻችን፣ የደጃፋችሁ ካሜራ ምስሉን በኢንተርኔት ወደ ስልካችሁ ወይም ወደ ሞኬድ፣ ማለትም ወደ ጥበቃ ድርጅቱ የጥሪ ማዕከል፣ ይልካል። የማንቂያው ደወል ሲጮህ የሞኬዱ ተረኛ ምስሉን አይቶ ጥበቃ ይልካል፣ ፖሊስ ካስፈለገም 100 ይደውላል። መልካም ነው። ግን በዚያው መስመር ባዕድም ይገባል። በጁን 2025፣ የኢራን ሚሳኤል እዚሁ ሬሖቮት የዋይዝማንን ተቋም በመታበት ሰሞን፣ የእስራኤል የሳይበር መሥሪያ ቤት የቀድሞ ምክትል ኃላፊ ሬፋኤል ፍራንኮ በሬዲዮ አስጠንቅቀው ነበር፦ ኢራናውያን ሚሳኤላቸው የት እንዳረፈ ለማየት የግል ካሜራዎችን ለመጥለፍ እየሞከሩ ነው። ብዙ ጊዜ መንገዱን የሚከፍተው ከፋብሪካ የመጣው፣ ማንም ያልቀየረው የይለፍ ቃል ነው። ለአዛውንት ወላጆቻችሁ ካሜራ ያስገጠማችሁ ልጆች፣ እባካችሁ የይለፍ ቃሉን ዛሬውኑ ቀይሩላቸው። ካሜራው ተጠልፏል ብላችሁ ከጠረጠራችሁ የሳይበር መሥሪያ ቤቱ ስልክ 119 ነው።