የጂኑ ጥድና የእኛ ጥድ



«በሀበሻ ጥድ ጂን ብናወጣስ?» የሚል ጥያቄ ከተማሪዎቻችን ቀርቦልኛል።

በአውሮፓ ኅብረት ሕግ ጂን የጥድ ፍሬ ጣዕሙ ጎልቶ የሚሰማ፣ አልኮሉም ቢያንስ 37.5 በመቶ የሆነ መጠጥ ነው። ድንብላልና የብርቱካን ልጣጭ አጃቢዎች ናቸው። የልጣጩ ዘይት በአልኮል እንጂ በውሃ በቀላሉ አይሟሟም፤ ስለዚህ ልጣጭ የበዛበት ጂን ውሃ ሲጨመርበት ይደፈርሳል። በማውጣት ሂደት የልጣጩ መዓዛ ቀድሞ፣ የሥራሥሩ ዘግይቶ ይመጣል። በአነስተኛ መጠን የሚያወጣ ባለሙያ የሚፈተነውም መቼ መጀመርና መቼ ማቋረጥ እንዳለበት በመወሰን ነው። ዳግም አረቄ የሚያወጡ እናቶቻችን ለዚህ ውሳኔ እንግዳ አይደሉም።

ጥድን በተመለከተ ግን እንጠንቀቅ። የጂኑ ጥድ ጁኒፐረስ ኮሙኒስ ነው፤ የእኛ ጁኒፐረስ ፕሮሴራ። ወገን ናቸው እንጂ አንድ ዝርያ አይደሉም። በስም ዝምድና ብቻ የሚጠጣ ነገር አይሠራም፤ ቅመማው ከቤተ ሙከራ ምርመራ በኋላ ይምጣ።